ከባሕር ዳርቻ ባስ ለማጥመድ የትኛው ዘንግ? ሦስት ርዝመቶች ጎን ለጎን

በቀጥታ ወደ ገደለው ልግባ። ከዳርቻ ቆማችሁ በሰው ሠራሽ ማባበያ ባስ የሚባለውን ዓሣ የምታጠምዱ ከሆነ፣ መግዛት የምትችሉትም አንድ ዘንግ ብቻ ከሆነ፣ 8 ጫማ ከ6 ኢንች የሚረዝም (2.6 ሜትር ገደማ ማለት ነው)፣ ከ10 እስከ 30 ግራም የሚወረውር፣ ጫፉ ፈጠን ያለ ዘንግ ግዙ። ሻጩ 9 ጫማ ተኩሉን ምንም ያህል ቢያሞግስላችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ያነጻጸርኳቸው ሦስት ናቸው። አንዱ 8 ጫማ፣ አንዱ 8 ጫማ ተኩል፣ አንዱ 9 ጫማ ተኩል። ሦስቱም ለሁለት የሚከፈሉ፣ ሦስቱም መካከለኛ ዋጋ ያላቸው። የአምራቾቹን ስም ትቼዋለሁ። ሞዴል በየጊዜው ይቀያየራል፣ ዛሬ የመከርኳችሁን ነገ ሱቅ ላታገኙት ትችላላችሁ። ርዝመቱና የሚወረውረው ክብደት ግን የትም ብትሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ጣጣ እንፍታ። ኢንተርኔት ላይ «የባስ ዘንግ» ብላችሁ ብትፈልጉ ከሚመጣላችሁ ውስጥ ብዙው ለአሜሪካ የጨው አልባ ውሃ ባስ የተሠራ ነው። እሱ አጭር ነው፣ 2.1 ሜትር አካባቢ። አብዛኛውን ጊዜ ከጀልባ ላይ ለሚያጠምድ ሰው የታሰበ ነው። እኛ የምናወራው ስለ አውሮፓው የባሕር ባስ ነው፤ በአትላንቲክ ዳርቻ ከኖርዌይ እስከ ሞሮኮ፣ በሜዲትራኒያንና በጥቁር ባሕርም ስለሚገኘው። ለሱ የሚቀርበው የጃፓን የባሕር ባስ ዘንግ ነው። ጃፓኖች የራሳቸውን የባሕር ባስ ከዳርቻ ሆነው ማጥመድ በጣም ይወዳሉ። የሺማኖ ኩባንያ ዲያሉና እና የዳይዋ ኩባንያ ላቴዮ የሚባሉት ተከታታይ ሞዴሎች ለዚያ የተሠሩ ናቸው። እነሱ ላይ «86 ኤምኤል» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ 8 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ከመካከለኛ ቀለል ያለ ማለት ነው። «96 ኤም» ከሆነ 9 ጫማ ከ6 ኢንች፣ መካከለኛ። ይህን ካወቃችሁ ግማሹን ካታሎግ ያለ አስተርጓሚ ታነባላችሁ።

አሁን ስለ ግራሙ። «ከ10 እስከ 30 ግራም» ሲል ዘንጉ ሁሉንም እኩል ይወረውራል ማለት አይደለም። 30ው ጣሪያው ነው። 10ሩ ደግሞ ግድ ከሆነ ነው። የሚመቸው መሃሉ ላይ ነው፣ ከ15 እስከ 25 ባለው። ውርወራ የክንድ ጉልበት ብቻ አይደለም። የማባበያው ክብደት ዘንጉን ወደ ኋላ ያጎብጠዋል፣ የጎበጠው ዘንግ ቀጥ ልበል ሲል ነው ማባበያውን አስፈንጥሮ የሚለቀው። ማባበያው በጣም ከቀለለ ዘንጉ አይጎብጥላችሁም፤ ያኔ ክንዳችሁ ብቻውን ይደክማል፣ ማባበያውም ቅርብ ይወድቃል። በጣም ከከበደ ደግሞ ዘንጉ ይሸነፍና አቅጣጫው ይጠፋባችኋል፣ ሲብስም ይሰበራል።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የማባበያ ሳጥናችሁን ክፈቱ። ከ12 እስከ 14 ሴንቲሜትር የሚረዝሙት ቀጫጭን ዓሣ መሳይ ማባበያዎች ብዙዎቹ ከ15 እስከ 25 ግራም ይመዝናሉ። መንጠቆው የተሸሸገባቸው ለስላሳ የፕላስቲክ ማባበያዎች፣ የባሕር አረም የበዛበት ቦታ ላይ የሚጣሉት፣ ከ10 እስከ 20 አካባቢ ናቸው። የብረት ማባበያዎች ከ28 ግራም ተነስተው 40ንም ያልፋሉ። ሳጥናችሁ ውስጥ የሚበዛው የትኛው ነው? ዘንጉ የሚመረጠው በሱ ነው። «እስከ 60 ግራም» የሚል ዘንግ ጠንካራ መስሎ ስለታያችሁ ከገዛችሁት 15 ግራሟን ማባበያ ስትወረውሩ እንጨት የያዛችሁ ነው የሚመስላችሁ።

ወደ ርዝመቱ እንምጣ። ዋናው ጉዳይም እሱ ነው።

8 ጫማው ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ቀላል ነው፣ እጅ ላይ የለም ያህል ነው። ወንዝ ባሕር በሚገባበት አፍ፣ በወደብ ግድግዳ፣ ከኋላ ዛፍ ወይም ገደል ባለበት ጠባብ ቦታ ከሱ የሚሻል የለም። ችግሩ የሚመጣው ሞገድ ያለበት ቦታ ስትሄዱ ነው። ክሩ በሚሰበረው ሞገድ ላይ ይተኛና ይጎተታል፣ ማባበያውም መሄድ ያለበትን አካሄድ ያጣል። ዓሣ ይዛችሁ እግራችሁ ሥር ዓለት ካለ ደግሞ ዓሣውን ዙሮ እንዲመጣ ለማድረግ ርዝመቱ አይበቃችሁም።

9 ጫማ ተኩሉ እነዚህን ሁለቱን ይፈታል። ክሩን ከሞገዱ በላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ከፍ ያለ ዓለት ላይ ስትቆሙም ያግዛል። ግን ሁሉም ሰው የሚገዛው ለዚህ አይደለም፣ ርቆ ለመወርወር ነው። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። በ20 ግራም ማባበያ ከ8 ጫማ ተኩሉ ጋር ያለው ልዩነት ይህን ያህል ለወሬ የሚበቃ አይደለም። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው 35 እና 40 ግራም ብረት ስትወረውሩ ነው። ደግሞስ ለምን ይራቃል? ባስ እኮ ቅርብ የሚያድን ዓሣ ነው። ሞገዱ ከተሰበረ በኋላ በሚቀረው ነጭ አረፋ ውስጥ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ፣ ሸርጣንና ትንንሽ ዓሣ ሲለቅም ይውላል። ስንቱ ሰው ነው ዓሣው ያለበትን ውሃ በእግሩ አቋርጦ ገብቶ፣ ዓሣ የሌለበት ድረስ አርቆ የሚወረውረው!

ሌላም አለ። ውሃው ላይ ግራና ቀኝ እያለች የምትሄደውን ተንሳፋፊ ማባበያ ታውቋታላችሁ። እሷን ለማስኬድ ክሩን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ የዘንጉን ጫፍ ወደ ታች ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ ታደርጋላችሁ፣ በእያንዳንዱ ንክኪ አፍንጫዋን ወደ አንድ ጎን ታዞራለች። በ9 ጫማ ተኩሉ ይህን ስታደርጉ ሁለት ነገር ይሆናል። ዝቅ ያለ ቦታ ከቆማችሁ ጫፉ ውሃውን ይመታል። ከዚያ የባሰው ግን ጫፉ አንዴ ከነካችሁት በኋላ ቶሎ አያርፍም፤ እየተርገበገበ ይቆያል፣ ሁለተኛውን ስትነኩ የመጀመሪያው ገና አላለቀም፣ ማባበያዋም እርምጃዋ ይምታታባታል። የጎን ነፋስ ሲጨመርበት የእጅ አንጓችሁ ጉድ ይፈላበታል። 8 ጫማ ተኩሉ ግን ነክታችሁት ያቆማል። በቃ፣ ያቆማል። ለኔ ፍርዱን የሰጠው ይህ ነው።

ሱቅ ውስጥም ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ዘንጉን ገጣጥማችሁ አንዴ ነቅነቅ አድርጋችሁ እጃችሁን አቁሙ። ጫፉ ስንት ጊዜ ተወዛውዞ ነው የሚያርፈው? ወዲያው የሚያርፈውን ውሰዱ።

ስለ ጫፉ ፍጥነት ብዙ የሚጋነን ወሬ አለ። ፈጣን የሚባለው የላይኛው ክፍሉ ብቻ የሚጎብጠው፣ ዝግተኛው ደግሞ እስከ እጀታው የሚለመጠው ነው። ለባስ ፈጠን ያለ ይሻላል፣ ግን እጅግ የደረቀ አይሁን። አሁን ሁሉም ሰው የሚጠቀመው የተጎነጎነ ክር አይለጠጥም። የባስ አፍ ዳሩ ስስ ነው። ዓሣው እግራችሁ ሥር ደርሶ ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝና ወደ ኋላ የሚመለሰው ሞገድ ሲጎትተው፣ ያንን ድንገተኛ ጉተታ መቀበል ያለበት ዘንጉና የሪሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት ማሽን) ፍሬን ነው። ዘንጉ ግትር ከሆነ መንጠቆው ይነቀላል። በቃ ዓሣው ሄደ።

ክብደትና ሚዛን። በዚህ ርዝመት ጥሩ የሚባል ዘንግ ከ130 እስከ 160 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ግራም ብቻውን አይበቃም፤ ክብደቱ የት እንዳለ ነው ወሳኙ። ጫፉ ላይ የከበደ ዘንግ በአጠቃላይ ቢቀልም ያደክማል። የራሳችሁን ሪል ይዛችሁ ሂዱ፣ በመጠን ቁጥሩ 3000 ወይም 4000 የሆነ ይበቃል፣ ግጠሙትና ዘንጉን ከሪሉ እግር ትንሽ ፊት ለፊት በአንድ ጣት አስደግፉት። እዚያ አካባቢ ከተመጣጠነ ጥሩ ነው። አፍጥጦ ወደ መሬት ከሄደ መልሱለት። ሻጩ ሪል ይዞ መምጣታችሁን ካልወደደው ሌላ ሱቅ አለ።

ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ቀረብ ብላችሁ እዩ። ብዙ ጥሩ ዘንጎች የጃፓኑን ፉጂ ቀለበት ይጠቀማሉ፣ ውስጣቸው ሲሊኮን ካርባይድ የሚባለው በጣም ጠንካራ ሴራሚክ ከሆነ ለተጎነጎነ ክር አሪፍ ነው፣ ክሩ እየፈተገ አይቦረቡረውም። እግራቸው ወደ ፊት ያዘነበሉት ደግሞ የተጠላለፈ ክር ራሱ ተንሸራቶ እንዲፈታ ያግዛሉ። ፍሬማቸው ቲታኒየም ከሆነ ጨው አያዝገውም፣ ግን ዋጋው ይወደዳል። የማይዝግ ብረት የሚባለውም ቢሆን ጨው ሲደርቅበት እግሩ ሥር ቡናማ ነጥብ ያወጣል። ከባሕር በተመለሳችሁ ቁጥር በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ያገለገለ ዘንግ የምትገዙ ከሆነ ትንሽ ጥጥ ይዛችሁ ሂዱና በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አዙሩት። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። ጥጥ የያዘ ስንጥቅ ክራችሁንም ይበጥሳል፣ ያውም ትልቁ ዓሣ ሲመጣ።

እጀታው ላይ ብዙ አልቆይም። ቡሽ ወይስ ስፖንጅ የሚለው የምርጫ ጉዳይ ነው። ርዝመቱ ግን አይደለም። ሪሉን ይዛችሁ የእጀታው ጫፍ ክርናችሁን አልፎ ብዙ ከወጣ ማባበያ ስታስኬዱ ልብሳችሁ ውስጥ እየገባ ያናድዳችኋል። በጣም ካጠረ ደግሞ በሁለት እጅ ስትወረውሩ ሁለተኛው እጅ መያዣ ያጣል።

መጋጠሚያውን አትርሱ። ብዙ ዘንግ የሚሰበረው እዚያ ነው፣ በተለይ ባለቤቱ ሳያየው ከላላ። ውርወራ ሲደጋገም የላይኛው ቁራጭ ቀስ እያለ ይዞራል፣ ቀለበቶቹም መስመር ይስታሉ። በየመሃሉ አንዴ ዓይናችሁን በዘንጉ ርዝመት ላይ ላኩ፣ ከዞረ መልሱት፣ ከላላ አጥብቁት። መጋጠሚያው ላይ ሻማ ቀለል አድርጎ ማሸት መላላቱን ይቀንሳል።

ውድ ዘንግ ያዋጣል ወይ? እስከ አንድ ደረጃ፣ አዎ። ከርካሹ ወደ መካከለኛው ስትወጡ ልዩነቱን እጃችሁ ወዲያው ያውቀዋል፤ ጫፉ ይቀላል፣ ቀለበቱ ይሻላል። ከመካከለኛው ወደ ውዱ ስትወጡ ግን የምትከፍሉት ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ግራሞች ነው። ግትርነቱ ከፍ ያለ ካርቦን ቀጭንና ቀላል ዘንግ ለመሥራት ያስችላል፣ ነገር ግን ምት አይወድም። ዓለት ላይ ወደቀ ወይም መኪና በር ነካው ማለት ነገ ከመሬት ተነስቶ ይሰበራል። እንዲህ ያለውን ዘንግ ሽቅብ ቀጥ አድርጋችሁ ዓሣ በክር አንጠልጥላችሁ ለማንሳት አትሞክሩ። ማንኛውንም ዘንግ ቢሆን አትሞክሩ። ሞገዱ ዓሣውን ያምጣው፣ ወይም መረብ ያዙ።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ፣ ነጻ ናት። በብሪታንያና በአየርላንድ ዳርቻዎች 42 ሴንቲሜትር ያልሞላ ባስ ይዞ መሄድ አይፈቀድም። ከእጀታው ጫፍ 42 ሴንቲሜትር ለክታችሁ ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስተር ምልክት አድርጉ። ሜትር ፍለጋ ኪስ ስትበረብሩ ዓሣው አይጎዳባችሁም። በቀን ስንት መያዝ እንደሚቻልና በየትኛው ወር እንደሚከለከል ግን ስለሚቀያየር በየዓመቱ አጣሩ።

8 ጫማ ተኩሉ የማይሆነው ለማን ነው? ሁልጊዜ ወንዝ አፍ ላይ በቀላል ለስላሳ ማባበያ ለሚያጠምድ ሰው 8 ጫማውን፣ ከ5 እስከ 21 ግራም አካባቢ የሚወረውረውን፣ ይውሰድ፣ አይቆጭም። ክፍት አሸዋማ ዳርቻ ላይ በትልቅ ሞገድ መሃል ብረት የሚወረውር ደግሞ 9 ጫማ ተኩሉን፣ እስከ 40 ወይም 45 ግራም የሚችለውን ያድርገው፣ ሪሉንም 4000 ያድርግ፤ 3000ው ከዚያ ዘንግ ጋር ሚዛኑ ወደ ፊት ይሄዳል።