ከሁለቱ የጆርጄት ሄየር ልብ ወለዶች የትኛው ቀድሞ ይገዛ?

«ዘ ግራንድ ሶፊ» እና «ኤ ሲቪል ኮንትራክት» ሁለቱም የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጆርጄት ሄየር (1902–1974) ሥራዎች ሲሆኑ፣ ታሪካቸውም የናፖሊዮን ጦርነቶች ባበቁበት ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የሚፈጸም ነው። ሁለቱም ያስቃሉ። ከሳቁ ጋር ልብ የሚነካ ነገር የሚፈልግ ገዢ ግን አንደኛውን ከሌላው መለየት ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመው «ዘ ግራንድ ሶፊ» ለጀማሪ አንባቢ በብዛት የሚጠቆመው ነው። አባቷ ወደ ብራዚል ሲሄድ ለንደን አክስቷ ዘንድ የተተወችው ሶፊ፣ ጦጣና በቀቀን አስከትላ ከደረሰችበት ቀን ጀምሮ የቤተሰቡን ችግር ሁሉ ማንም ሳያዛት ልታቃና ትነሣለች። ጨዋታው ፈጣን፣ ምልልሱም የሰላ ነው፤ ሆኖም ሶፊ የሚያቅታት ነገር ስለሌለ ለእርሷ የሚሠጋ አንባቢ አይኖርም፣ በዚህም ምክንያት መጽሐፉ ከሳቅ አልፎ ብዙም አይዘልቅም። በተጨማሪም አይሁዳዊው አራጣ አበዳሪ የተሳለበት መንገድ ግልጽ የዘር ጥላቻ ያለበት በመሆኑ፣ ትዕይንቱ አጭር ቢሆንም ገዢው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

በ1961 የወጣው «ኤ ሲቪል ኮንትራክት» ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰው መኮንን አዳም ከሟች አባቱ ማዕረግና የዕዳ ክምር ይወርሳል፤ ርስቱን ለማዳን ሲልም የሚወዳትን ውቢቱን ጁሊያን ትቶ የባለጠጋ ነጋዴ ልጅ የሆነችውን ጄኒን ያገባል። ጄኒ ውበት የላትም፤ የባሏ ልብ የት እንዳለ እያወቀች ትዳሩን የተቀበለች ናት። ሳቁ በአብዛኛው የሚመነጨው ከአባቷ ከሚስተር ቾሊ ነው፤ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ገንዘቡን ያለ ልክ የሚረጭ፣ ለአማቹ ስጦታ በላይ በላይ እየከመረ የሚያሳፍረው ሰው ነው። የሄየር ችሎታ ጎልቶ የታየኝም እዚህ ላይ ነው፦ ጄኒ ስታረግዝ ያው ሰው በጭንቀት ሲናወጥ ስናይ፣ እስከዚያ ድረስ የሳቅንበት ጩኸትና ልግስና በሙሉ አንዲት ልጁን ከማጣት ፍርሃት የመጣ መሆኑ ይገባናል፤ የሚያስቀውና የሚያሳዝነው አንድ ሆኖ ይገኛል። የጄኒም ፍቅር በቃል ሳይሆን ባሏ የሚወደውን ምግብ በማወቅ፣ ብቻውን መሆን ሲፈልግ ዘወር በማለት ይገለጣል። በ1815 የዋተርሉ ውጊያ ወሬ የለንደንን የገንዘብ ገበያ ሲያንቀጠቅጥ የሚሆነውን ለአንባቢ ልተወው።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም፤ ጅማሬው ስለ ዕዳና ስለ ርስት በሚደረግ ውይይት ስለሚጎተት ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚነድ ፍቅር የሚሻ ሰውም በፍጻሜው ሊከፋ ይችላል፤ እኔ ግን ከታማኝነቱ የተነሣ ወድጄዋለሁ። ድካምን ለመርሳት ብቻ የሚያነብ ሰው ሶፊን ይግዛ፤ ሌላው ከጄኒ ይጀምር። የሁለቱም እንግሊዝኛ በዘመኑ የአራዳ ቃላት የታጨቀ በመሆኑ፣ ቃል ሲነካ ፍቺ የሚያሳየው የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ከወረቀቱ ይልቅ ይመቻል።