ሰዓት ጠብቆ መብላት ወይስ መጠን መቀነስ?

ደብረ ማርቆስ ሰሞኑን ክብደት ልቀንስ የሚል ሰው ሁሉ ወሬው 16 በ8 ሆኗል፣ 16 ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ በቀሪው 8 ሰዓት መብላት ማለት ነው። እስከ 9 ሰዓት መፆም ለለመደ ሰው ይሄ ምንም አይደል፣ ጣጣው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው እንጂ፣ ሽሮው ላይ ዘይቱ ተንሳፎ እንጀራው ሲደራረብ ያልተበላው ሁሉ ይካካሳል (1 ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ነው፣ ካርቦሃይድሬት ግን 4፣ ስለዚህ የፆም ወጥ ነው ብሎ መዝናናት የለም)።

መጠን መቀነሱ ደግሞ ሁለት እንጀራ የነበረውን አንድ አድርጎ ጎመኑን በዛ ማድረግ ነው፣ ከባዱ "በሞቴ ብላ!" ሲሉህ እምቢ ማለት፣ ጉርሻው ራሱ አይቆጠር። በ2022 እ.ኤ.አ. ቻይና የወጣ ጥናት ካሎሪ እየቀነሱ ሰዓት መገደብ የጨመረው የረባ ለውጥ የለም ብሏል፣ እኔም መጠን መቀነሱ ይሻለኛል። የስኳር መድሃኒት የምትወስዱ ግን ሳትበሉ ከመዋላችሁ በፊት ሐኪም አናግሩ።