የልጄ የኳስ ካምፕ፣ በጥበቃው በኩል

የ12 ዓመት ልጄን እዚህ ሜሪላንድ የእግር ኳስ ሰመር ካምፕ አስገብቻት ነበር። ሜዳውም ሥልጠናውም ጥሩ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጥበቃው ነው። የአሜሪካ የጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር በልጆች ላይ ያደረሰውን የጾታ ጥቃት የሰማ ወላጅ ልጁን ዝም ብሎ አውርዶ አይሄድም።

ካምፑ የሴፍስፖርትን፣ ማለትም በአሜሪካ ስፖርተኞችን ከጥቃት ለመጠበቅ የተቋቋመውን ድርጅት ደንብ እከተላለሁ ይላል። አንድ አዋቂ ከልጅ ጋር ለብቻው ሲሆን፣ ሌላ ሰው ሊያያቸውና ሊደርስባቸው የሚችልበት ቦታ መሆን አለበት። ይህን በእርግጥ ያከብራሉ። ልጄ ጉልበቷን ስትመታ በረዶ የያዙላት ሜዳው ዳር፣ ሁሉ ሰው እያየ ነው። ሲወጡም መታወቂያ ሳያዩ ልጅ አይሰጡም። አክስቷ ልትወስዳት ስትሄድ እንኳ መጀመሪያ ለእኔ ደወሉ። ተባረኩ ነው ያልኳቸው!

ቅር ያለኝ አንድ ወጣት አሰልጣኝ የሰዓት ለውጥ ሲኖር በቀጥታ ልጄ ስልክ ላይ መጻፉ ነው። ነገሩ ክፉ አልነበረም። ግን ደንቡ መልእክቱ ለወላጅም ይድረስ ይላል፤ ልክም ነው። ለኃላፊዋ ነገርኳት። ሳትከራከር በዚያው ቀን የወላጆች ግሩፕ ከፈተች።

የምትመዘግቡ ካላችሁ፣ ከዋጋው በፊት አቤቱታ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። እዚህ ስሙና ስልኩ መግቢያው ላይ ተለጥፏል።