አራት ኪሎ የተማርኩት የፀረ ተባይ ረጪዎች ፈተና ቱቶሪያል፦ ሌብሉ በጣም ጥሩ፣ ሒሳቡ ይቀረዋል

ስድስት ዓመት ረጭቻለሁ። ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ መጋዘን፣ ትኋን ያስቸገረው የኪራይ ቤት፣ ሁሉንም። አሁን ዲቪ ደርሶኝ ልሄድ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ እዚያው ሙያ ላይ ነው። "ልምድህ ይጠቅምሃል፣ ግን የኮሜርሻል አፕሊኬተር ፈተናውን ካላለፍክ የትም አትደርስም፣ እዚያው እያለህ ማንበብ ጀምር" አለኝ። እዚያ አገር በክፍያ ለሚረጭ ሰው ፈቃድ የሚያስገኘው ፈተና ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርዱ ካለ ሕንፃ ላይ ማታ ማታ የሚሰጥ ቱቶሪያል እንዳለ ሰማሁና ተመዘገብኩ። አራት ሳምንት፣ በሳምንት አራት ማታ፣ 4,500 ብር። ጨርሻለሁ፤ ለመመዝገብ ለምታስቡ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ "ምን ሊያስተምሩኝ ነው?" ብዬ ነበር የገባሁት። ሌብል ላይ፣ ማለትም መድኃኒቱ ዕቃ ላይ የሚለጠፈው መመሪያ ላይ ግን ብዙ የማላውቀው ነገር ነበር።

አስተማሪው ግብርና ላይ ረጅም ዘመን የሠሩ ጡረተኛ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ሌላ ነገር አልነኩም። የአሜሪካ ፀረ ተባይ ሌብል ፎቶኮፒ አስደርገው ይሰጡናል፣ ስልክ አስቀምጡ ይላሉ፣ ከዚያ ጥያቄ ነው። የምዝገባ ቁጥሩ የቱ ጋ ነው? ምን ዓይነት ጓንት ይላል? የት ነው የሚረጨው? ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን ይደረጋል?

እኛ ዓይናችን የለመደው ቀለም ነው። ዕቃው ግርጌ ላይ ያለውን መስመር እናያለን፤ ቀይ ከሆነ በጣም አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። የአሜሪካው ሌብል ላይ የአደጋውን ደረጃ የሚነግራችሁ ቃል ነው፦ ዴንጀር (አደጋ)፣ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ)፣ ኮሽን (ጥንቃቄ)። ተውጦ ከሙከራ እንስሳት ግማሹን የሚገድለው መጠን፣ ኤልዲ 50 የሚሉት፣ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 50 ሚሊግራም ከሆነ ዴንጀር ነው። ከ50 እስከ 500 ዋርኒንግ፣ ከዚያ በላይ ኮሽን። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መርዙ ይከፋል፤ ይህን ገልብጦ የማይመልስ ተማሪ አላየሁም፣ እኔም ሁለቴ ገልብጫለሁ። ዴንጀር የሚለው ብቻውን ከተጻፈ ደግሞ ዓይን ወይም ቆዳ ክፉኛ የሚጎዳ ሊሆን ይችላል። ፖይዝን (መርዝ) የሚል ቃልና የራስ ቅል ሥዕል ከተጨመረበት ግን ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚገድል ነው ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ሦስት ማታ አላጠፉትም።

"ሌብሉ ሕግ ነው" የሚለውን በየቀኑ ይደግሙታል። እዚያ አገር ፊፍራ በሚሉት የፌዴራል ሕግ መሠረት ሌብሉ ካለው ውጪ መጠቀም ጥፋት ነው። እኔ ትዝ ያለኝ የምግብ ቤት ኃላፊዎች ነገር ነው። በረሮው አልሞተም፣ ትንሽ ጨመር አድርግበት ይሉሃል። ጨምሬ አውቃለሁ። በክዳን ለክቼ፣ ያውም ሰው የሚበላበት ኩሽና ውስጥ። ያንን ክፍለ ጊዜ ስማር ነው የከበደኝ። ከሌብሉ መጠን በላይ መጨመር ፈጽሞ አይቻልም። ማሳነስ ግን ሌብሉ ራሱ ካልከለከለ በስተቀር ይቻላል። የልምምድ ፈተናው ላይ ይህች ጥያቄ ከአሥራ አንዳችን ዘጠኛችንን ጥላናለች።

አሁን ወደ ድክመቱ። ሒሳቡ። ጋሼ የሚያስቡት በሄክታርና በሊትር ነው፣ እኛም እንደዚያው። ሃያ ሊትር ፓምፕ፣ በሄክታር ይህን ያህል፣ ይህን እንኳን በደንብ ነው ያስረዱን። ፈተናው ግን በጋሎን፣ በአውንስ፣ በኤከርና በካሬ ጫማ ነው የሚመጣው። አንድ ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ ነው፣ አንድ ጋሎን 128 አውንስ። ይህ በቃል ካልተያዘ ሰዓቱ ያልቅባችኋል። ለዚህ የተመደበው ግን ሁለት ማታ ብቻ ነበር፣ አንዱን መብራት ጠፍቶ በስልክ መብራት ነው የጨረስነው። በዚህ ዋጋ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ይገባው ነበር። ለአስተባባሪዋም ነግሬያታለሁ፣ አድምጣኛለች።

አንድ ቅዳሜ ግን ይህን ሁሉ የሚያስረሳ ነገር ሆነ። ግቢው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን አሰመሩን፣ እያንዳንዱ ጎን 18 ጫማ ተኩል። በሜትር 5 ሜትር ከ64 ነው። ፓምፑ ውስጥ ንጹህ ውኃ ብቻ። አንዱ ይረጫል፣ ሌላው ሰዓት ይይዛል። ከዚያ ለዚያው ያህል ጊዜ ኖዝሉን፣ የፓምፑን መርጫ አፍ፣ የመለኪያ ጆግ ውስጥ ትለቁታላችሁ። የተጠራቀመው ውኃ ስንት አውንስ ነው? ያ ቁጥር በቀጥታ በኤከር ስንት ጋሎን እንደምትረጩ ይነግራችኋል። ሌላ ስሌት የለም። ምክንያቱም ያ ካሬ የኤከር አንድ 128ኛ ነው፣ አውንስም የጋሎን አንድ 128ኛ ነው። የእኔ 46 መጣ። ከእኔ በኋላ የረጨችው ልጅ 71። ፓምፑ ያው፣ ኖዝሉ ያው፣ ውኃው ያው! የተለያየው እርምጃችን ብቻ ነው፣ እሷ ቀስ ትላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እርምጃዬ የመድኃኒቱን መጠን እንደሚወስን በቁጥር አይቼ አላውቅም ነበር።

ሌላው ቶሎ ቶሎ ነው ያለፈው፣ ግን ይጠቅማል። ወደ ላይ ስትረጩ የቱታው እጅጌ ጓንት ውስጥ ይግባ፣ ወደ ታች ስትረጩ ከጓንቱ በላይ ይሁን። ባዶ ዕቃ ሦስቴ ይታጠባል፣ እጣቢው ፓምፕ ውስጥ ይገባል እንጂ ቦይ ውስጥ አይደፋም። ነፋስ የሌለበት ጸጥ ያለ ማለዳም ሁሌ ለርጭት ጥሩ አይደለም፤ ቀዝቃዛው አየር ከታች ሲተኛ የተረጨው ጉም ተንሳፍፎ ርቆ ይሄዳል።

ማብራሪያው በአማርኛ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ነገሩ መጀመሪያ ይገባችኋል፣ ከዚያ ድሪፍት (በአየር ተንሳፍፎ መሄድ)፣ ሊቺንግ (በአፈር ውስጥ ወደ ታች መስረግ)፣ ራንኦፍ (ላይ ላዩን በውኃ ታጥቦ መሄድ) የሚሉት ቃላት ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ጥያቄዎቹን ግን በእንግሊዝኛ ቤታችሁ ደጋግማችሁ ማንበብ አለባችሁ፣ ክፍል ውስጥ በቂ አይሰሩም።

ረጭቶ ለማያውቅ ሰው አራት ሳምንቱ ያንሳል። በሙያው ላይ ላለ ግን እመክራለሁ። ካልኩሌተር ይዛችሁ ሂዱ፣ የስልክ አይፈቅዱም። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የጋሎንና የኤከር ሒሳቡ ስንት ቀን እንደተመደበለት አስተባባሪዋን ጠይቋት። አሁንም ሁለት ማታ ካለቻችሁ ይጨመርልን በሉ፣ ብዙ ሆናችሁ ከጠየቃችሁ ጋሼ እምቢ የሚሉ ሰው አይደሉም።