ፕላቲነም ወይስ ሴሪየም ኦክሳይድ?

ከኢትሪየም፣ ከባሪየምና ከመዳብ ኦክሳይድ የሚሠራው ጥቁር ሱፐርኮንዳክተር (እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ መቋቋም የሚያስተላልፍ ቁስ) ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ሲል ወደ ፈሳሽና «211» ወደሚባል አረንጓዴ ውህድ ይከፈላል፤ ሲቀዘቅዝም የዚህ ውህድ ቅንጣቶች በክሪስታሉ ውስጥ ታስረው ስለሚቀሩ፣ ይበልጥ በደቀቁ ቁጥር ቁሱ በ77 ኬልቪን (በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ) የሚሸከመው የኤሌክትሪክ ጅረት ይጨምራል። ዱቄቱን አስቀድሞ አልሞ መፍጨት ብቻውን አይበቃም፤ ደቃቆቹ በፈሳሹ ውስጥ እየሟሙ ትልልቆቹን ያፋፋሉና። ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ገደማ የሚጨመር ፕላቲነም ይህን እድገት ይገታል፤ ዋጋው ግን ለማንም ቤተ ሙከራ ቀላል አይደለም። ሴሪየም ኦክሳይድ ተመሳሳዩን ሥራ በርካሽ ይሠራል፤ ሆኖም ከፈሳሹ ባሪየም እየወሰደ ባሪየም ሴሬት ስለሚሆን፣ ሲበዛ የቅልጡን ቅንብር ያዛባል። በብዛት ለማምረት እኔ ሴሪየምን እመርጣለሁ፣ ሚዛኑ በጥንቃቄ እስከተጠበቀ ድረስ።