አዳማ ላይ የአያቴን ጠገራ ብር ማን አየልኝ፣ ማን አበላሸብኝ

ከቪየና መጥቼ አዳማ ሰንብቻለሁ። ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ፍጥነት መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። ሁሉም ደህና ነው። ሙቀቱም ያው ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ የጠጣሁት የአቮካዶ ጁስ ቪየና ላይ ቢፈለግ አይገኝም። የምጽፈው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ከቤተሰብ የቆየ ጠገራ ብር ወይም ሳንቲም ይዛችሁ "ምንድን ነው? ስንት ያወጣል?" ብላችሁ ባለሙያ ለመጠየቅ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ የደረሰብኝን ሰምታችሁ ሂዱ።

አያቴ ስታርፍ አንዲት የጨርቅ ከረጢት ትታልን ሄደች። ውስጧ ጠገራ ብር (ማርትሬዛ የምንላት የኦስትሪያ ብር) አለ፣ አንድ የምኒልክ ብር አለ፣ የጃንሆይ ዘመን ሳንቲም አለ። እማዬና አክስቶቼ ሊካፈሉት ነው። የመሸጥ ሐሳብ ያለው ሰው የለም። ግን አንዱ ከሌላው በዋጋ ስለሚበልጥ፣ በኋላ ቅሬታ እንዳይመጣ ግምት አስፈለገ። "አንቺ ውጭ ስለምትኖሪ ታውቂበታለሽ" ተባልኩ። ውጭ የኖረ ሁሉ ሁሉን ያውቃል የሚባለው ነገር መቼ ይሆን የሚቀረው?

የሄድኩት ወርቅና ብር የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። መስታወቱ ላይ "አሮጌ ሳንቲም እንገዛለን፣ እንገምታለን" ይላል። ባለቤቱ ወሬ አዋቂ ነው። ቡና አዘዘልኝ፣ ስለ ቪየና ብርድ ጠየቀኝ። ከዚያ ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋት። የምኒልኩን ብር አንስቶ የንጉሡን ፊት በአውራ ጣቱ ፈተግ ፈተግ አደረገና "ይሄ በጣም ቆሽሿል" አለ። ያኔውኑ ነገርኩት። "እንዳይታጠብ። ግምት ብቻ ነው የምፈልገው።" "እሺ እህቴ፣ ምን ችግር አለው" አለኝ። ባለሙያው ኋላ ክፍል ስለሆነ በአጉሊ መነጽር ይይልሽ ብሎ ይዞት ገባ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ባለሙያው ምሳ ወጥቷል። ባለሙያው መጣ፣ ግን መብራት ጠፋ። መብራት መጣ፣ አሁን ደግሞ ሚዛኑ ቻርጅ የለውም። "ለምን ነገ ጠዋት አትመጪም?" ተባልኩ። ጥዬ አልሄድም ብዬ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ቪየና ዶሮቴዎም የሚባል የጨረታ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1707 የተቋቋመ ነው። የሳንቲም ክፍላቸው ባለሙያ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ይዞ፣ ፊትህ ላይ ነው የሚያየው። ኋላ ክፍል የሚባል ነገር የለም። እያሰብኩት ይበልጥ ተናደድኩ።

ጥበቃው ግን አንድ ነገር አሳየኝ። እኔ ተቀምጬ እያለ ባልና ሚስት ገቡ፣ እነሱም እንደኔ ከውጭ የመጡ። ባለሱቁ ከመስታወቱ ውስጥ አንዲት ማርትሬዛ አወጣላቸው። "የ1780 ናት። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ንጹህ ብር ናት። ብርቅ ናት" አላቸው። ከደቂቃዎች በፊት የአያቴን ማርትሬዛ አይቶ "ይቺማ ተራ ናት፣ በየቤቱ ሞልታለች" ብሎኝ ነበር። ዓመቷም መልኳም አንድ ነው። ሲሸጣት ብርቅ፣ ሲገዛት ተራ!

እውነቱን ለማያውቅ ልንገረው። ማርትሬዛ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታችው ማርትሬዛ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዛ ነው የምትወጣው። ቪየና ተመትታለች፣ ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ቦምቤይም። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 መምቻውን ወስዶ ሮም ላይ አስመትቷታል፣ ለምን ዓላማ እንደሆነ አገር ያውቀዋል። የኦስትሪያ ሳንቲም ማምረቻ ዛሬም አዲስ እየመታ ይሸጣታል። ከቤቴ በትራም ሄጄ ልገዛት እችላለሁ። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜዋን አይናገርም። ንጹህ ብርም አይደለችም። ክብደቷ 28 ግራም ከትንሽ ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ ሌላው መዳብ ነው። "የ1780 ንጹህ ብር" የሚል ነጋዴ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ነው። ሁለቱም ለገማች አይሆንም። ቪየናም ቢሆን መላእክት አይደሉም። ናሽማርክት የቅዳሜው አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ይህንኑ ተረት በጀርመንኛ ሰምቼዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የምኒልኩ ብር ከኋላ ክፍል ወጣ። እያብረቀረቀ! ባለሱቁ "አሳመርንልሽ" አለኝ፣ እንደ ሰርገኛ ፈገግ ብሎ። አፌ ተያዘ። ሳንቲሙ እርጥብ ነው። የአንበሳው ጋማ ላይ የነበረው ስስ ስስ መስመር ጠፍቷል። ጥቁሩ የቀረው በፊደሎቹ መሃል ብቻ ነው። ጽሑፉ ጥቁር ሆኖ፣ ዙሪያው እንደ አዲስ ማንኪያ ነጭቷል። አዘንበል ሳደርገው ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። በድስት መፈተጊያ ሽቦ ይሁን በሌላ፣ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። አትጠቡ ብዬ አልነበር? ስለው "እህቴ፣ ዲያስፖራ ሁሉ የሚወደው የሚያበራ ነው" አለኝ።

የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። በሉ ግምቱን ንገሩኝ አልኩ። በግራም አስልቶ ብቻ ነገረኝ፣ ልክ እንደሚቀልጥ ብር። ለምን? ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የተፈተገ ነው፤ ሰብሳቢ የተፈተገ አይፈልግም።" ራሱ ፈትጎ! ቀጥሎ "የምርመራና የማጽጃ" ብሎ 1,200 ብር ጠየቀ። ከረጢቷ ከጠረጴዛው ማዶ፣ እሱ ጋ ነበረች። ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው ማሽኑ ተበላሽቷል አለ። ወንድሜ በማግስቱ ሄዶ ሲጠይቀው "ተስማምታ ነው ያሳጠበችው" ብሎታል። ገንዘቡ አልተመለሰም። ሳንቲሙማ ከናካቴው አይመለስም።

ቪየና የማውቀው አንድ የሳንቲም ባለሙያ አለ። ብርሃን በጎን እያበራሁ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። "በፎቶ አልፈርድም፣ ግን መፈተጉ አያከራክርም" አለኝ። ለምን እንደሚጎዳም አስረዳኝ። ሳንቲም ሲመታ ብሩ በግፊት ይለጠጣል። ገጹ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ መስመር ይቀራል። ጤነኛ ሳንቲም ስታዞሩት ብርሃኑ አብሮ የሚዞረው በዚያ ነው። መፈተግ ያንን ጠርጎ ይወስደዋል። ጥቁሩ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም። ብር አየር ላይ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚለብሰው ስስ ልብስ ነው፤ ብዙ ሰብሳቢ እንዲያውም እሱን ፈልጎ ነው የሚገዛ። አሜሪካ ያሉት ትልልቅ የሳንቲም ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች፣ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ፣ የተፈተገ ሳንቲም ሲመጣላቸው የደረጃ ቁጥር አይሰጡትም። "እውነተኛ ነው፣ ግን ታጥቧል" ብለው ይጽፉበታል። የአክሱም ዘመን ሳንቲም ላይማ ጉዳቱ የከፋ ነው። አንዳንዶቹ የመዳብ ሳንቲሞች መስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ተለብጦባቸዋል። ሰው አፈር መስሎት ሲፈትግ ወርቁ አብሮ ይሄዳል።

አንዷ ጎረቤታችን በእንቁላል አስኳል እናጥቁረው ብላ ነበር። ይሠራል እኮ፣ አስኳል ድኝ አለው። ግን ያ ሌላ ማታለል ነው፤ ጭረቱ ከሥር እንዳለ ነው።

አሁን ስለ ጥሩው ሰው። ከገበያው ጀርባ ያሉ አንጥረኞች ዘንድ አንድ ሽማግሌ አሉ። መስቀልና ጉትቻ ይሠራሉ። ሳንቲም አይገዙም፣ አይሸጡም። ለእኔ ዋናው ነገር ይኼ ነበር። የሚገዛው ሰው ራሱ ገማች ሲሆን ግምቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ማን ያጣዋል?

እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው አንድ በአንድ አነሱ፣ በጠርዙ። ማርትሬዛዋን ጣታቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው በሌላ ብር ነካ አደረጓት። ድምፅዋ ረዘም አለ። "ደህና ናት" አሉ። ሁለተኛዋን ጠርዟን እያዞሩ ሲያዩ ቆም አሉ። የማርትሬዛ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለ። ያቺ ላይ ጽሑፉ አናቷ ዘንድ ተቋርጧል፤ ትንሽ የብየዳ እብጠት አለ። "ይቺ አንገት ላይ ኖራለች። ማንጠልጠያዋን ነቅለው ሞርደውታል" አሉኝ። እማዬ ስትሰማ አያቴ በልጅነቷ የብር ድሪ እንደነበራት ትዝ አላት። ድሮ ሰው የንግሥቲቱን የዘውድ ፈርጥና የትከሻዋን ጌጥ በደንብ ሳያይ ብር አይቀበልም ነበር ብለውም አጫወቱኝ።

ከጃንሆይ ሳንቲሞች መካከል ጠርዙ ሞገድ ሞገድ የሆነውን 25 ሳንቲም አውጥተው ሳቁ። የ1936ቱ 25 ሳንቲም ክብ ስለነበር ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ይመሳሰል ነበር። ሰው ነጭ እየለበጠ እንደ 50 ያሳልፈው ጀመር። ለዚህ ነው በኋላ ጠርዙ የተቆረጠው። "የዛሬውን ነጋዴ ብቻ አትውቀሺ" አሉኝ።

የምኒልኩን ሲያዩ ዝም አሉ። ከዚያ ማነው የፈተገው ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ዋጋውን ስጠይቅ "የሱን ዋጋ አላውቅም፤ የማውቀው ብሩን ነው" አሉ። የዚያ ቀን ትልቁ የባለሙያ አስተያየት ለእኔ ይኼ ነው። በወረቀት ላይ የትኛው ጤነኛ፣ የትኛው ማንጠልጠያ የነበረው፣ የትኛው የታጠበ እንደሆነ ጻፉልኝ። እማዬና አክስቶቼም በዚያ ወረቀት ተካፈሉ። የምኒልኩን ማንም ድርሻዬ ይሁን አላለም፤ እማዬ ጋ ተቀመጠ። ቅባት የነካው ሳንቲም ካለስ ብላቸው፣ ንጹህ አሴቶን ውስጥ ነክረሽ አውጪው፣ ማሸት የለም አሉ። የቪየናውም ሰው ይህንኑ ነበር ያለኝ። ገንዘብ ስሰጣቸው እምቢ አሉ።

አንዳንዶቻችሁ ይዤው ልሂድና እዚያው ላስገምተው ትሉ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የቆየ ሳንቲም ከመያዛችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። እኔ ፎቶ ብቻ ነው ይዤ የተመለስኩት።

ሽማግሌው ዘንድ መሄድ የፈለገ ጠዋት ይሂድ። ከሰዓት በኋላ ዓይናቸው ይደክማል፣ ዓርብ ደግሞ ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ሳንቲሞቹን በወረቀት በወረቀት ለያይታችሁ ጠቅልሉ። አንድ ከረጢት ውስጥ ሲንኳኳ ከሰሙ ይቆጣሉ።