የእማዬን ጣት የማያውቅ ስቶቭ

ከክረምት ጀምሮ ቤታችን ያለው ኢንዳክሽን ስቶቭ (በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ) 2,000 ዋት ነው። ውሃ ለማፍላት የሚደርስበት የለም። ሸክላ ጀበና አለመቀበሉንም አልቆጥርበትም፤ ማግኔት የማይስበውን ዕቃ እንደማያሞቅ ስገዛው አውቃለሁ፣ ለቡናው ከሰል አለን። ያንገበገበኝ ማብሪያው ነው። የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፣ ሁሉም ነገር ልሙጥ መስታወት ላይ በጣት የሚነካ ነው።

እኔ እጄን ታጥቤና አድርቄ ነካ ሳደርገው እሺ ይላል። እማዬ ግን የምትነካው ሽንኩርት ከመክተፍ፣ ሊጥ ከማቡካት ተነስታ ነው። እርጥብ እጅ ሲያርፍበት ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያልነካችው ምልክት ይበራል። አድርቃ ስትነካውም እምቢ ይላታል። ጣቶቿ ከምጣድ፣ ከከሰልና ከበረኪና ጋር ኖረው ደርቀዋል፣ ቆዳቸውም ወፍሯል። መስታወቱ ደግሞ የሚለየው የቆዳን የኤሌክትሪክ ንክኪ እንጂ ግፊትን አይደለም፤ እሷ እምቢ ባላት ቁጥር ጠበቅ አድርጋ ትጫናለች። ትንሹ የእህቴ ልጅ መጥቶ በለስላሳ ጣቱ ሲዳብሰው ግን ጢጥ ብሎ ይበራል! የልጆች መቆለፊያ አለው፤ ስንቆልፈው የተቆለፈባት እማዬ ሆነች።

ሻጩ "ማዘር ይለምዱታል" ብሎኝ ነበር። ምኑን ነው የሚለምዱት? ጣታቸውን ይቀይሩ? ለማጽዳት ይመቻል ትለኛለህ፤ አዎ፣ ይመቻል፣ ግን ምድጃ የሚገዛው ሊወለወል ነው እንዴ?

በዓል ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ አሳየን። እማዬ የዶሮውን ቁሌት ጥዳ ሳለ፣ ስቶቩ ከበራ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ማንም ሳይነካው ራሱን አጠፋ። እሷ መብራት የሄደ መስሏት ቆጣሪ ልታይ ወጣች። ለደህንነት ተብሎ የተሠራ ነው፣ ይገባኛል። እንደኔ ፓስታ ቀቅሎ ለሚበላ ሁለት ሰዓት ከበቂ በላይ ነው፤ ዶሮ ወጥ ለሚሠራ ግን ገና መሃል ላይ ነው።

እኔ አልሸጠውም፣ ለኔ ይሆነኛል። ለእማዬ ግን የሚዞር ቁልፍ ያለውን እየፈለግሁ ነው። እሱንም ራሷ ሱቅ ሄዳ፣ እጇን ውሃ ነክራ ሳትሞክረው አንድ ብር አልከፍልም።